ፖርት 1 ላይ ሰክተህ ነው አይደል?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ከጅማ ነው ምጽፍልህ። ሂርማታ አካባቢ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ሂሳብ ነው ምሰራው፣ ኮምፒውተር ትንሽ ስለምነካካ አለቃዬ ኔትወርኩንም አንተ ያዘው አለኝ። ያገለገለ ማይክሮቲክ ራውተር ገዛን፣ መብራቱ ይበራል ግን ኬብሉን ላፕቶፔ ላይ ስሰካው 169.254 ብሎ የሚጀምር አይፒ ነው የሚያወጣው፣ ብሮውዘር ላይ 192.168.88.1 ስጽፍ ደሞ ዝም። የተበላሸ ነው የሸጡልኝ? አለቃዬ ደሞ አዲስ አበባ ሲሄድ በስልኩ ገብቶ ማየት ይፈልጋል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሻጩን ገና አትርገመው። 169.254 ማለት ላፕቶፕህ አይፒ የሚሰጠው ሲያጣ ለራሱ ያወጣው አድራሻ ነው፣ እኔ እንደምገምተው ኬብሉን ፖርት 1 ላይ ነው የሰካኸው። በፋብሪካው ሴቲንግ ፖርት 1 የኢንተርኔት መግቢያ ነው፣ በዛ በኩል ስትመጣ ፋየርዎሉ (ከውጪ የሚመጣውን የሚያግደው ጥበቃ) አንተንም ከውጪ እንደመጣ ባዳ ነው የሚያይህ።

ግን ያገለገለ ስለሆነ የድሮ ባለቤቱ ምን እንዳደረገበት አይታወቅም፣ ስለዚ መጀመሪያ ሪሴት አድርገው። ፓወሩን ንቀል፣ ሪሴቷን በእስክሪብቶ ጫፍ ተጭነህ እንደያዝክ መልሰህ ሰካ፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለት ስትጀምር ወዲያው ልቀቃት፣ ዝም ብለህ ከያዝካት ሌላ ሞድ ውስጥ ትገባለች። ከዛ ፖርት 2 ላይ ሰክተህ ዊንቦክስን (ማይክሮቲክን ከኮምፒውተር የምታስተካክልበትን ፕሮግራም) ክፈት፣ ኔበርስ የሚለው ውስጥ ራውተሩ ይመጣል፣ ማክ አድራሻውን (የመሳሪያውን የራሱን መለያ ቁጥር) ነክተህ ግባ። ዩዘሩ አድሚን ነው፣ ፓስዎርዱ የድሮዎቹ ላይ ባዶ ነው፣ አዲሶቹ ላይ ስቲከሩ ላይ ተጽፏል።

የኢንተርኔቱን ኬብል ግን እንዳትሰካ! መጀመሪያ ፓስዎርድ ቀይር፣ በራስህ ስም ሙሉ መብት ያለው ዩዘር ፍጠርና በሱ ገብተህ አድሚንን ዝጋው። ቀጥሎ አይፒ ሰርቪስስ (ወደ ራውተሩ የሚገባባቸው መንገዶች ዝርዝር) ውስጥ ግባና ቴልኔት፣ ኤፍቲፒና ዌቡን አጥፋ፤ ቴልኔት ፓስዎርድህን ሳይደብቅ ነው መስመር ላይ የሚልከው። ዊንቦክስን ደሞ ከ192.168.88.0/24፣ ማለትም ከውስጥ ኔትወርክህ ብቻ እንዲቀበል አድርገው።

ይሄን ሁሉ ስትነካካ ሴፍ ሞድን አብራ፣ ተሳስተህ ራስህን ብትቆልፍ ግንኙነቱ ሲቋረጥ የቀየርከውን ይመልስልሃል። እኔ አንዴ ቤቴ ተቀምጬ የአንድ ሆቴል ራውተር ሳስተካክል ሴፍ ሞዱን ረስቼው የራሴን መግቢያ ዘጋሁት፣ ለአንዲት ክሊክ ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ሄድኩ። ስትጨርስ ታዲያ ሴፍ ሞዱን ራስህ አጥፋው፣ አለበለዚያ ዊንቦክሱ ድንገት ቢቋረጥ ልፋትህ አብሮ ይሄዳል።

የአለቃህን ነገር በተመለከተ፣ ዊንቦክስ የሚገባበትን ፖርት 8291ን (ይሄኛው የኬብል መሰኪያ ሳይሆን የበር ቁጥር ነው) ለውጪ ከፍተህ እንዳትሰጠው። በ2018፣ የፈረንጆቹን ነው ምልህ የኛን አይደለም፣ በዛች ፖርት በኩል የዩዘር ፓስዎርድ የሚያስነብብ ቀዳዳ ተገኝቶ ስንቱ ራውተር ተበልቷል። ማስተካከያው ያኔውኑ ወጥቶ ነበር፣ ያላዘመነው ነው የተበላው። ያንተ ደሞ ያገለገለ ነው፣ ስለዚ ኢንተርኔቱን እንደሰካህ መጀመሪያ አፕዴት አድርገው።

ለስልኩ ዋየርጋርድ (ከውጪ በተመሰጠረ መስመር የሚያስገባ ቪፒኤን) ስራለት፣ ራውተር ኦኤስ 7 (የማይክሮቲኩ ሲስተም) ላይ አብሮ ይመጣል። ብቻ መስመራችሁ ፐብሊክ አይፒ (ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚገኝ አድራሻ) ከሌለው እሱም ከውጪ አያገኘውምና ኢንተርኔቱን ለሚሰጧችሁ መጀመሪያ እሱን ጠይቃቸው።