የፎቶ ሃርድ ዲስክ፦ የወሎ አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከወሎ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ፎቶ ስለማስቀመጥ ስለሆኑ የዛሬውን ገጽ ለእነሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ 1 ቴራባይት ተብሎ የገዛሁት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ስሰካው 931 ጊጋባይት ብቻ ያሳያል። ተጭበርብሬ ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ አልተጭበረበርክም። ፋብሪካው በ1,000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1,024፤ ልዩነቱ ከዚያ የመጣ ነው። አንዱ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን እንኳ 200,000 ፎቶ ይዞ ቦታ ይተርፈዋል። ይልቅ በፍላሽ ዋጋ «16 ቴራባይት» እየተባለ የሚሸጠውን ተጠንቀቅ። ውስጡ ያለው ትንሽ ሜሞሪ ሆኖ ኮምፒውተሩ ትልቅ መስሎ እንዲታየው የተደረገ ነው። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ፎቶው የገባ ይመስላል፣ ልክፈት ስትል ግን የለም።

ጥያቄ፦ እኔ ዊንዶውስ እጠቀማለሁ፣ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ማክ። አዲሱን ዲስክ በምን ፎርማት ላድርገው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ በኤክስፋት (exFAT)፤ ዊንዶውስም ማክም ያነቡታል፣ ይጽፉበታልም። ማክ በዊንዶውስ ፎርማት በኤንቲኤፍኤስ (NTFS) የተዘጋጀ ዲስክ ላይ ያለውን ያነባል እንጂ በራሱ አይጽፍበትም። ፋት32 (FAT32) የተባለው የቆየ ፎርማት ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል ስለማይቀበል የሠርግ ቪዲዮ አይገባበትም። ፎርማት ያለውን ሁሉ ያጠፋልና ዲስኩ ባዶ እያለ ጨርሺው። እህትሽ ባትኖር ኖሮ ኤንቲኤፍኤስን እመርጥልሽ ነበር፤ ገመድ ድንገት ሲነቀል ወይም መብራት ሲሄድ ከኤክስፋት የተሻለ ይቋቋማል።

ጥያቄ፦ የሟች ባለቤቴንና የልጆቼን ፎቶ በሙሉ ወደ ሃርድ ዲስክ አዛውሬ ስልኬን ባዶ አደረግሁ። አሁን ማረፍ እችላለሁ? (ከወልድያ)

መልስ፦ ገና ነው እናቴ፣ ዛሬውኑ የሚሠራ ነገር አለ። ፎቶው ቦታ ቀየረ እንጂ አሁንም ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ያ ዲስክ ከጠረጴዛ ቢወድቅ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሌላ ዲስክ ይፈልጉና ፎልደሩን ኮፒ ያድርጉ፤ «ከት» አይበሉ፣ እሱ ፎቶውን ከመጀመሪያው ዲስክ አንሥቶ ይወስደዋል። ሲያልቅ በሁለቱም በኩል የፋይሉን ብዛትና መጠን ያስተያዩ። ቁጥሩ እኩል ከሆነ ከየዓመቱ ጥቂት ፎቶ ከፍተው ይዩ።

በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይላል። ለእኛ ለወሎ ሰዎች ከሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ነፍሱን ይዞ የወጣ ሰው ኮምፒውተር ለመሸከም ጊዜ አልነበረውም፤ ተመልሶ ቤቱን ባዶ ያገኘውም ብዙ ነው። ቴሌቪዥን ይገዛል፣ የሟች ፎቶ ግን አይገዛም። ሁለተኛውን ዲስክ ሌላ ከተማ የሚኖር ልጅዎ ወይም እህትዎ ዘንድ ያኑሩት። ለበዓል ሲገናኙ አዲሶቹን ጨምረው ይመልሱላቸው። እጅግ የሚሳሱላቸውን ጥቂቶቹን ደግሞ ጉግል ላይ ያስገቡ፤ በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለእነሱ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ላሊበላ አስጎብኚ ነኝ። ላፕቶፕ የለኝም፤ የገናን ፎቶ ከስልኬ በቀጥታ ወደ ዲስክ ማስገባት ይቻላል?

መልስ፦ ስልክህ ኦቲጂ (ዲስክ ወይም ፍላሽ በገመድ ስልክ ላይ መሰካት የሚያስችለውን) የሚቀበል ከሆነ ይቻላል። የሚሽከረከረውን ዓይነት ዲስክ ለማንቀሳቀስ የስልክ ኃይል ሊያንሰው ስለሚችል ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ) ይሻልሃል፤ መውደቅንም ይበልጥ ይችላል። ወዳጅህ ላፕቶፕ ላይ እንዲያስቀምጥልህ በቴሌግራም ከላክህ ግን «ፋይል» ብለህ ላክ። እንደ ተራ ፎቶ ከላክኸው ጥራቱ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ኮፒ እያደረግሁ መብራት ይሄዳል። ዲስኩም ሰሞኑን ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሯል። (ከመርሳ)

መልስ፦ ለመብራቱ ባትሪው ደህና በሆነ ላፕቶፕ ሥራ፤ ትንንሹ ዲስክ ኃይሉን ከዚያው በገመዱ ያገኛል። ስትጨርስ «ኢጀክት» ሳትል አትንቀል። ድምፁ ግን አሳሳቢ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የውስጥ አካሉ መጎዳቱን ያመለክታል። ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ቢልህ እሺ አትበል፣ ደጋግመህም አትሰካው። ሌላ ቅጂ ካለህ ይህን ዲስክ ተወው። ከሌለህ ነቅለህ አስቀምጥና መረጃ ማውጣት ለሚያውቅ ባለሙያ ስጥ፤ ሳጥኑን ራስህ አትክፈተው፣ አቧራ ከገባ የቀረውንም ያበላሸዋል።