ቤቴን ለዋርሳዬ ብድር ላስይዝ?

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ከዚህ በላይ መቻል ስላቃተኝ ነው የምጽፍልዎ። ነገሩ የተጀመረው ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ጡረታ ሲወጣ ነው። ወንድም ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው ታላቅ ወንድሙ እዚህ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ላይ ፔንሲዮን ጀምረው ሁለተኛው ወለል ላይ ቆሞባቸዋል፤ ብረቱ ዝናብ ሲመታው ከርሞ ዝጓል። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እየመጡ፣ ቡናዬን እየጠጡ፣ እኔን መንካት ልማዳቸው ሆነ። «የመንግሥት ሠራተኛ እኮ ብሩን ባንክ አስተኝቶ አብሮት ያረጃል» ይላሉ። «ፈሪ ሴት ያለችበት ቤት አያድግም» ይላሉ። ልጆቼ ፊት ነው እንግዲህ። ባለቤቴ ይስቃል፤ ለሱ ጨዋታ ነው።

ባንክ ያለን 620 ሺህ ብር ነው። ከደመወዜ እየቆነጠርኩ፣ እቁብ እየጣልኩ፣ ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ነው። 7 ከመቶ ወለድ ይታሰብበታል፤ ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ግን ብሩ እንደቀለለ ይገባኛል። ስለዚህ ሲናገሩኝ መልስ አጣለሁ። የሚያቃጥለኝም ይኼው ነው። ሌላው ቢቀር «በልፋቷ ያጠራቀመችው ነው» የሚል አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል?

57 ዓመቴ ነው፤ 31 ዓመት አገልግያለሁ፣ ለጡረታ ሦስት ዓመት ይቀረኛል። የባለቤቴ ጡረታ በወር ከ7 ሺህ ብር ፈቅ አይልም። አባይ ማዶ ያለው ቤታችን ዕዳ የለበትም፤ ሁለቱን ሰርቪስ ክፍሎች ለተማሪዎች እናከራያለን።

አሁን ወንድም ጋሼ ፔንሲዮኑን ለመጨረስ ከባንክ 4 ሚሊዮን ብር ሊበደሩ ነው፤ ወለዱ 18 ከመቶ፣ በ5 ዓመት የሚከፈል። መያዣው የኛ ቤት ነው። ብድሩም የፔንሲዮኑ መሬትም በሳቸው ስም ነው፤ ቤተሰብ ስለሆንን ይኼ ብዙም አላሳሰበኝም። ካርታውንም ባለቤቴ ለግምት ብሎ ከሰጣቸው ሁለት ወር ሆኖታል። 14 ክፍል ይኖረዋል፣ አንዱ በ500 ብር ይከራያል፣ «ለእናንተም ይታሰብላችኋል» ብለውናል።

ትናንት ቅጹን ይዘው መጡ። የምፈርምበት ቦታ ላይ በእርሳስ የመስቀል ምልክት አድርገውልኛል። ለሰኞ ባንክ ቀጥረውናል። ሲወጡ እንኳ «ያንቺን ብር እንደሆነ ታቅፈሽው ተኚ» ብለውኝ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የመጨረሻዋ ልጄ በሕፃንነቷ ታማ አዲስ አበባ ስንመላለስ ወጪውን የቻሉት እሳቸው ናቸው። እኛ ያኔ ምንም አልነበረንም፤ ከነበራቸው ላይ ሳይሰስቱ ከፈሉ። ልጅቷ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት። ባልፈርም ውለታ ቢስ ልባል ነው? እግዚአብሔርስ ፊት ጡር አይሆንብኝም?

ግራ የገባኝ፣ ከአባይ ማዶ

መልስ

እህቴ፣ አይፈርሙ።

ስለ እሑዱ ቡና ብዙ ጽፈውልኛል፤ መሬቱና ብድሩ በማን ስም እንደሆነ ግን በአንድ መስመር አልፈውታል። «ቤተሰብ ስለሆንን ብዙም አላሳሰበኝም» ይላሉ። እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። ብድሩ የሳቸው፣ መሬቱ የሳቸው፣ ሕንፃው የሳቸው ነው። የእናንተ የሆነው ሐራጅ የሚወጣበት ቤት ብቻ ነው። ፔንሲዮኑ ቢሳካ ለእናንተ የሚሰጡት ደስ ካላቸው ነው፤ ባይሳካ ግን ቤታችሁ የሚወሰደው በሕግ ነው። «ይታሰብላችኋል» የሚል ቃል የትም አልተጻፈም።

መያዣ ማለት ምን እንደሆነ ማንም ቁጭ አድርጎ እንዳልነገረዎት ከደብዳቤዎ ይታያል። በ1990 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ለባንኮች ተራ አበዳሪ የሌለው ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ተበዳሪው በውሉ መሠረት ካልከፈለ ባንኩ ፍርድ ቤት መክሰስ አያስፈልገውም፤ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የተያዘውን ቤት በሐራጅ ይሸጣል። ዋርሳዎ ክፍያ አሳልፈው ለእናንተ መንገር ቢያፍሩ፣ ነገሩን የምትሰሙት ማስጠንቀቂያው ደጃችሁ ሲደርስ ይሆናል። በ30 ቀን ውስጥ ሚሊዮኖች ከየት ታመጣላችሁ?

ሒሳቡንም እንየው። 4 ሚሊዮን ብር በ18 ከመቶ፣ በ5 ዓመት እኩል ወርኃዊ ክፍያ ቢመለስ በየወሩ ከ101 ሺህ ብር በላይ ይጠይቃል። ለዚህ ብቻ ከ14ቱ ክፍሎች 7ቱ አንድም ሌሊት ሳይጓደል መያዝ አለባቸው፤ የሠራተኛ ደመወዝ፣ መብራት፣ ውሃና ግብር ሳይነካ፣ ሕንፃው አልቆ የመጀመሪያው እንግዳ እስኪገባ የሚያልፈው ጊዜም ሳይቆጠር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት በጀልባ የሚሻገረው እንግዳ ምን ያህል እንደሳሳ እናንተው በዓይናችሁ እያያችሁ ነው። ነገ ሊሻሻል ይችላል፤ እንዲሻሻልም እጸልያለሁ። በጸሎቴ ግን የሰው ቤት አላስይዝም።

በዚህ ጉዳይ መሐል ሰፋሪ አይደለሁም። ጡረታ የደረሰ ሰው የሚኖርበትን ቤት ለሌላ ሰው ዕዳ ማስያዝ የለበትም ብዬ አምናለሁ። ለወንድምም፣ ለገዛ ልጅም ቢሆን። የ30 ዓመት ሰው ቤቱን ቢያጣ እንደገና ሊሠራ ይችላል። እርስዎ 60 ዓመት ሲሞላዎ 34 ዓመት አገልግለው ይወጣሉ። የጡረታ ሕጉ ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ከመቶ ያስባል፤ የእርስዎ 60 ከመቶ ይመጣል ማለት ነው። የሚሰላውም በመጨረሻው ወር ደመወዝ ሳይሆን በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ስለሆነ፣ መውጫዎ ላይ የሚጨመር ደመወዝ ሙሉ በሙሉ አይታይልዎትም። ይኼን ከባለቤትዎ 7 ሺህ ጋር ደምረው የቤት ኪራይ ይቀንሱበትና ምን እንደሚተርፍ ይዩት። ዕዳ የሌለበት ቤትና ሁለት ሰርቪስ ክፍል ትልቁ ጡረታችሁ ነው።

አሁን ልቆጣዎት ነው። ካርታው ከቤት ወጥቶ ሁለት ወር ሲቆይ እንዴት ዝም አሉ? ስድቡን ቃል በቃል ይዘዋል፣ የቤትዎ ካርታ ግን በሰው መሳቢያ አድሯል። ባለቤትዎም ቢሆኑ ካርታውን ከመስጠታቸው በፊት ሊያማክሩዎ ይገባ ነበር፤ ሁለታችሁ በትዳር ያፈራችሁት ቤት ካርታው በአንዳችሁ ስም ቢሆን እንኳ የጋራ ሀብት ነው። በቤተሰብ ሕጉ የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት በመያዣ አይሰጥም። በእርሳስ መስቀል የተደረገበት ቦታ ለደንብ ያህል የተቀመጠ እንዳይመስልዎ። ያለ እርስዎ ፊርማ ጉዳዩ ወዲያ ስለማይሄድ ነው ዋርሳዎ ቅጹን እቤትዎ ድረስ ያመጡት። ደግሞ ቅጹ ውስጥ «በአንድነትና በነጠላ ዋስ ነኝ» የሚል ካለ ከቤቱም አልፎ ደመወዝዎና ቁጠባዎ ድረስ ሊመጣ ይችላል፤ እሱንም አይፈርሙ።

የልጅዎ ነገር፣ እህቴ፣ አንጀቴን በላው። ውለታው እውነተኛ ነው፤ እንዲያቃልሉት አልፈልግም። ግን የጻፉትን መልሰው ያንብቡት፦ «ከነበራቸው ላይ ሳይሰስቱ ከፈሉ» ነው ያሉት። ከነበራቸው ላይ ሰጡ እንጂ የሚያድሩበትን ቤት አላስያዙም። እናንተም ካላችሁ ላይ ስጡ። ከ620 ሺው ላይ 150 ሺህ ብር ያውጡና፣ ሽማግሌ ባለበት፣ ልጅቷም ባለችበት፣ «ያኔ ለዋሉልን ውለታ ለሕንፃው ማጠናቀቂያ ይሁንዎ» ብላችሁ ስጧቸው። ብድር አይሁን፣ ይመለሳል የሚል ተስፋም አይኑርበት። ጡር ይሆንብኛል ወይ ላሉት፣ አይሆንም። ልጅዎን ላተረፈ ሰው ማመስገን ይገባል፤ ዕድሜ ልክ የለፉበትን ጣራ አሳልፎ መስጠት ግን ማንም ያልጠየቀዎት መሥዋዕት ነው።

የቀረው 470 ሺህ በቁጠባ ሒሳብ እየቀለለ መሆኑ እውነት ነው፤ በዚህ ዋርሳዎ አልዋሹም። 7 ከመቶው የወለዱ ወለል እንጂ ጣራ ስላልሆነ፣ በጊዜ ገደብ ለሚቀመጥ ገንዘብ ባንኮች የተሻለ ይሰጣሉ፤ ሁለት ሦስት ባንክ ገብተው ይደራደሩ። ሁሉንም አንድ ቦታ አያኑሩት፤ ባንክ ቢከስር ለአስቀማጮች የሚከፍለው የተቀማጭ መድን ፈንድ ሽፋን በአንድ ባንክ ለአንድ ሰው እስከ 100 ሺህ ብር ነው። አክሲዮን ቢሉኝ፣ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያችን ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ዓ.ም ነውና ገና ልጅ ነው፤ በፈለጉበት ቀን ሸጠው ብርዎን ማግኘትዎን ተማምነው ለጡረታ መግቢያ የሚሆን ገንዘብ አይክተቱበት። እኔ ብሆን የግንባታ ፈቃድ አውጥቼ ሦስተኛ ሰርቪስ ክፍል እሠራበት ነበር።

ሰኞን ግን አይጠብቁ። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ይኼን መልስ ለባለቤትዎ ያንብቡላቸውና ነገ ጠዋት ካርታውን ይዘው እንዲመጡ ይጠይቋቸው። እምቢ ካሉ፣ ቤቱ የጋራ ሀብት መሆኑንና በመያዣ እንዲሰጥ እንደማይስማሙ የሚገልጽ ማመልከቻ ጽፈው ራስዎ ለባንኩ ያስገቡ፤ የእርስዎ ቅጂ ላይም ገቢ የሆነበትን ቀንና ማኅተም ያስመቱበት።