«የገበያ መዳረሻ» ወይስ «የገበያ ተደራሽነት»?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሚላኖ ነው። ለሐበሻው ማኅበረሰብ ዜና እተረጉማለሁ። ሰሞኑን «የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ለውጭ ኩባንያዎች የአገር ውስጥ የባቡር ገበያ መዳረሻን ፈቀደ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ወዳጄ «ተደራሽነት ነው የሚባለው» ብሎ ሞገተኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለእንግሊዝኛው «market access» ሁለታችሁ ያቀረባችሁትን ትርጉም አልደግፍም።

መዳረሻ የጉዞ ማብቂያ ነው። አየር መንገድ «አዲስ መዳረሻ ከፈትኩ» ሲል አውሮፕላኑ የሚያርፍበትን ከተማ ማለቱ ነው። ጭራሽ ስለ ባቡር በሚያወራ ዜና ውስጥ ሲገባ ደግሞ አንባቢው የመጨረሻውን ጣቢያ ይፈልጋል። አንዳንዶች «የሐዲድ መዳረሻ» ሲሉም አይቻለሁ። ሐዲዱ ያለቀበት ቦታ አይመስልም?

ተደራሽነትም አያስኬድም። ውሃው፣ መብራቱ፣ ጤና ጣቢያው ለገጠሩ ሰው ተደራሽ ሆነ እንላለን። አገልግሎቱ ነው ወደ ሰው የሚሄደው። እዚህ ግን ወደ ገበያው የሚሄደው ኩባንያው ነው። ታዲያ «መግባት» የሚል ግስ እያለን ምን አስጨነቀን?

ነገሩን በቅርብ እንየው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 የእናንተው የጣሊያን ባቡር ኩባንያ ትሬኒታሊያ ከፓሪስ ሊዮን መንገደኛ ማመላለስ ጀመረ። ፈረንሳይ ገበያ ገባ፤ አለቀ። ለመግባት ግን ፈቃድና የደኅንነት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። በሐዲዱ ላይ የሚያልፍበት ሰዓት ይመደብለታል፤ ለሐዲዱም ይከፍላል። ይህን «ሐዲዱን የመጠቀም መብት» ብንለው ማንም ይገባዋል።

«መመሪያ» ላይ የሚያጣላን የለም፤ የእንግሊዝኛው «directive» ስሙ ያው ነው። ችግሩ በኛ አገር የሕግ መሰላል ላይ መመሪያ ታች መሆኑ ነው። አዋጁን ፓርላማ፣ ደንቡን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣል፤ መመሪያ ከመሥሪያ ቤት ይወጣል። የአውሮፓው ግን በኅብረቱ ፓርላማና ምክር ቤት የሚጸድቅ፣ አባል አገሮች በቀነ ገደብ ወደ ራሳቸው ሕግ እንዲያስገቡት የሚያስገድድ ነው። መጀመሪያ ሲጠቅሱት ይህን በግማሽ መስመር ጣል ያድርጉበት። አለዚያ አዲስ አበባ ያለው አንባቢ የአንድ ቢሮ ሰርኩላር ይመስለዋል።

አልጠየቁኝም እንጂ እንዲህ ባለ ዜና ውስጥ ለ«regulator» የሚገባው «ተቆጣጣሪ»ም ያሳስታል። «ተቆጣጣሪው መጣ» ሲባል እኔ ራሴ መጀመሪያ ኪሴ ውስጥ ቲኬቴን ነው የምፈልገው። ዘርፉን የሚመራውን አካል «ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን» ቢሉት ይለያል።

«የውጭ ኩባንያ» የሚለውም ሰፊ ነው። የቻይናም የአሜሪካም ኩባንያ የገባ ያስመስላል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ፣ የአንዱ አባል አገር የባቡር ኩባንያ ሌላው አገር ገብቶ ከከተማ ከተማ መንገደኛ እንዲያመላልስ በር ከፈተ።»