የህብለ ሰረሰር ጉዳትና በሽታ የመከላከል አቅም፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ህብለ ሰረሰር ከአንጎል ተነስቶ በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ ነው። ከጉዳቱ ወዲህ ዓመታት ያለፏችሁና አስታማሚዎቻችሁ ከላካችኋቸው ጥያቄዎች መካከል የሚደጋገሙትን ወስጃለሁ።

ጥያቄ፦ የተጎዳው ነርቭ ነው። በሽታ የመከላከል አቅሜ ለምን ይቀንሳል?

ነጭ የደም ሕዋሳት የነርቭ ትእዛዝም ስለሚያስፈልጋቸው ነው። ጣፊያ ነርቮቿን የምታገኘው በአብዛኛው ከመካከለኛው የደረት ክፍል ነው። ጉዳቱ ከ6ኛው የደረት ነርቭ (ቲ6) በላይ ከሆነ አንጎል ይህን መስመር መቆጣጠር ያቅተዋል። ከጉዳቱ በታች ያለው ህብለ ሰረሰር ግን ሥራ አይፈታም፤ ፊኛ ሲሞላ ወይም ሆድ ሲደርቅ ያለ ልጓም ኖርአድሬናሊን (ነርቮች የሚለቁት አነቃቂ ኬሚካል) ያስለቅቃል። ይህ ሲደጋገም የጣፊያን የመከላከያ ሕዋሳት እንደሚያመናምን በአይጦች ላይ ታይቷል። ስለዚህ ፊኛንና አንጀትን በሰዓቱ ባዶ ማድረግ ንጽሕና ብቻ አይደለም፤ መከላከያን መጠበቅም ነው።

ጥያቄ፦ ሽንቴ ላይ ባክቴሪያ ተገኘ። አንቲባዮቲክ ልጀምር?

እህቴ፣ ምልክት ከሌለሽ አትጀምሪ። በካቴተር (ሽንት ለማስወጣት ፊኛ ውስጥ በሚገባ ቱቦ) በሚሸና ሰው ፊኛ ውስጥ ባክቴሪያ መገኘቱ የተለመደ ነው (እርጉዝ ከሆንሽ ወይም የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ከተቀጠረልሽ ግን ይታከማል)። ያለ ምክንያት በወሰድሽ ቁጥር የሚተርፈው መድኃኒቱን የተላመደው ባክቴሪያ ነው፤ የምር ስትታመሚ የሚሠራልሽ መድኃኒት ታጪያለሽ።

ማቃጠልን አትጠብቂ፤ ስሜቱ ላይደርስሽ ይችላል። የእግር መኮማተር ድንገት ከባሰ፣ በአንዱና በሚቀጥለው የካቴተር ሰዓት መካከል ሽንት ካመለጠ፣ ብርድ ብርድ ካለሽ ወይም ሰውነትሽ ያለ ምክንያት ከዛለ ተመርመሪ። የሽንት ሽታ መለወጥ ብቻውን በቂ አይደለም። ከመድኃኒቱ በፊት ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ይሠራልሽ፤ ናሙናው በአዲስ ካቴተር ይወሰድ እንጂ ከሽንት ከረጢቱ አይቀዳ። ፊኛሽን ባዶ የምታደርጊው በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ነው። በአንዴ ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ ከወጣ ሰዓቱን አሳጥሪ፤ የተወጠረ ፊኛ ግድግዳው ደም ስለሚያንሰው ለባክቴሪያ ይመቻል።

ጥያቄ፦ ሲአርፒ የተባለው የደም ምርመራዬ ሁሌም ከፍ ያለ ነው። ለምን?

ሲአርፒ በሰውነት ውስጥ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ሲኖር በደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን ነው። መከላከያው ደክሞም፣ ዝቅ ያለ ብግነት እንደ ተዳፈነ ፍም ይቆያል። የፊኛ ባክቴሪያ፣ ትንንሽ የቆዳ ቁስልና የሆድ ስብ ይመግቡታል። ደህና በሆንክበት ጊዜ አስለክተህ ቁጥሩን ያዝ፤ ስትታመም ሐኪሙ የሚያነጻጽረው ያገኛል። ቁጥሩ ከራስህ ልማድ በላይ ከዘለለ መጀመሪያ ጅራት አጥንትህን፣ መቀመጫህንና ተረከዝህን ቁስል እንዳለ በመስታወት እይ። አጥንት የታየበት ቁስል ወደ አጥንት ኢንፌክሽን ሊሄድ ይችላልና ቤት ውስጥ አይታከምም።

ጥያቄ፦ አባቴ የተጎዱት አንገታቸው ላይ ነው። ሙቀታቸው ሲጨምር ሁሌ ኢንፌክሽን ነው?

የግድ አይደለም። ከጉዳቱ በታች ላብ ስለማያልባቸው የክፍሉ ሙቀት ብቻ ሊያግላቸው ይችላል። ነፋሻ ቦታ አስቀምጣቸው፣ ልብስ ቀንስላቸው፣ በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዛቸውና ደግመህ ለካ። ካልወረደ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ሐኪም ቤት ውሰዳቸው፤ ያለ ትኩሳት የሚመጣ ኢንፌክሽንም አለ። ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከመጣና የላይኛው የደም ግፊታቸው ከተለመደው በ20 እስከ 40 ከጨመረ ደግሞ ቀጥ አድርገህ አስቀምጣቸው፣ የሚያጠብቃቸውን ልብስ ፍታ፣ ካቴተሩ ታጥፎ እንደሆነ እይ። ግፊቱ ካልወረደ አደጋ ነው፤ ቶሎ ሕክምና ይድረሳቸው።

ጥያቄ፦ ክትባት ይሠራልናል?

አዎ። የጉንፋን (ፍሉ) ክትባት በየዓመቱ፣ የሳንባ ምች መከላከያውንም ሐኪም በሚያዘው መሠረት ውሰዱ። የሳንባ ኢንፌክሽን ለእናንተ የሚከብደው በዚህ ነው፦ ሳል የሚገፋው በሆድና በጎን ጡንቻ ነው፤ እነዚህ ሲደክሙ አክታ ሳንባ ውስጥ ይቀራል።