ሞተር ከማስወረድዎ በፊት ካንዴላውን ይፍቱ

በዚህ ዙር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቆዩ መኪኖች ጉልበት ማጣት ናቸው። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የናፍጣ ሚኒባስ አለኝ፤ ጉልበት ቀንሷል። ካንዴላ ልቀይር?

መልስ፦ አይ። ካንዴላ ቤንዚን ለማቀጣጠል ብልጭታ የሚሰጥ ዕቃ ነው፤ ናፍጣ ግን በብልጭታ አይነሳም፤ የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት ነው። የአየርና የነዳጅ ፊልትሮውን እዩ፣ ካልሆነ የነዳጅ ፖምፓ የሚሠራ ባለሙያ ጋ ሂዱ።

ጥያቄ፦ አንድ የላዳ ባለቤት ከአዲስ አበባ ጽፈውልኛል። መኪናቸው ሜዳ ላይ ደህና ነው። የሽሮ ሜዳን ዳገት ሲይዝ ግን ይለግማል፤ ነዳጅ ሲረግጡ ይንተፋተፋል። ጋራዥ ወስደውት «ኮምፕሬሽኑ ወድቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» ተብለዋል (ኮምፕሬሽን ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው እምቃት ነው)። አሁን ገንዘብ ሊበደሩ ነው።

መልስ፦ እባክዎ አይበደሩ። ቢያንስ በዚህ ሳምንት አይበደሩ። ካንዴላ ሳይፈታ «ሞተር ይውረድ» ሲባል ስሰማ እናደዳለሁ፤ የሰው የዓመት ገቢ የሚበላ ምክር ነውና።

መጀመሪያ ለምን ዳገት ላይ ብቻ እንደሚለግም ልንገርዎ። ሜዳ ላይ ቀስ ብለው ሲነዱ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ጥቂት ነው። ብልጭታው በቀላሉ ይዘላል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረግጡ ሲሊንደሩ ይሞላል፣ እምቃቱ ይበረታል። ያኔ ኤሌክትሪኩ ያችን ትንሽ የካንዴላ ክፍተት ለመዝለል ብዙ ተጨማሪ ቮልቴጅ ይፈልጋል። የደከመ ኮይል (ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርገው) ወይም የተሰነጠቀ የካንዴላ ገመድ የሚጋለጠው እዚህ ነው። ስለዚህ ካንዴላውን ፈትቶ ሞተሩ ላይ አስነክቶ «ይኸው፣ እሳት አለው» ማለት አይበቃም። ውጭ አየር ላይ መዝለል ቀላል ነው።

አራቱንም ካንዴላ ፈትተው በየሲሊንደራቸው ቅደም ተከተል ይደርድሩ። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። ደረቅ ጥቀርሻ ካለበት ቤንዚን በዝቷል ወይም ብልጭታው ደክሟል። በዘይት ከራሰ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ወይም ቫልቩን መጠርጠር ይቻላል። አንዱ ብቻ ከሦስቱ ከተለየ ደግሞ ፍለጋዎ እዚያ ሲሊንደር ላይ ይጀምራል።

ቀጥሎ እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተር ክዳን ይክፈቱ። የላዳ ፑንቲና (ወደ ኮይሉ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠው) ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። ፑንቲናውን የሚገፋው ትንሽ የፋይበር እግር ከጊዜ ብዛት ይበላል፣ ክፍተቱ ይጠባል፣ እሳቱም ይዘገያል። እሳት ሲዘገይ ጉልበት ይወድቃል፣ ሞተሩም ይግላል። ከሁለቱ የፑንቲና ፊቶች አንዱ ጎድጉዶ ሌላው ላይ ጉብታ ከበቀለ የፑንቲናውን ፊት ከመቃጠል የሚጠብቀው ኮንደንሰርም ይቀየር። ክዳኑን ውስጡን በባትሪ መብራት ይዩት፤ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ካለ ኤሌክትሪኩ መንገድ ስቷል፣ ክዳኑ ይጣል። ከክዳኑ ሥር የሚዞረውን ሮተር በእጅዎ ትንሽ አዙረው ይልቀቁት፤ ራሱ ተመልሶ ካልመጣ ከሥሩ ያሉት፣ ፍጥነት ሲጨምር እሳቱን የሚያስቀድሙት ክብደቶች ወይም ስፕሪንጎቻቸው ይዘዋል። ዲስትሪቢዩተሩ ቫክዩም (በሞተሩ መሳብ እሳቱን የሚያስቀድም) ካለው ቱቦውን በአፍዎ ሳብ ያድርጉ፤ አየር እየገባ የሚቀጥል ከሆነ ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን፣ ዲያፍራሙ፣ ተቀዷል። በመጨረሻ ታይሚንጉ (እሳቱ የሚመታበት ቅጽበት) በታይሚንግ መብራት ይስተካከል እንጂ በጆሮ አይሁን።

ስለ ኮምፕሬሽኑ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ነች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያነሰ ነው። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ቁጥር ግን ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ ነው። ጤነኛ ሞተርም እዚህ ሲለካ ዝቅ ብሎ ይታያል። ዋናው ነገር አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። አንዱ በጣም ካነሰ እዚያ ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ አድርገው እንደገና ያስለኩ። ቁጥሩ ከወጣ ፋሻው አልቋል፤ ካልወጣ ችግሩ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ነው። ሞተር ስለማውረድ የሚወራው ከዚህ በኋላ ነው። መልሰው ያው ጋራዥ ከሄዱ የአራቱንም ሲሊንደር ቁጥር በወረቀት ይጠይቁ። ካልሰጡዎ ሌላ ጋራዥ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ መኪና ገዝቼ አዲስ አበባ አመጣሁ። እዚያ ሲበር የነበረው እዚህ ደከመ። ተታለልኩ?

መልስ፦ አልመሰለኝም። ተርቦ (አየር ገፊ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ልዩነቱን አስላው፣ ከ10 በመቶ ያልፋል። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር ቀላቃይ) ያለው ከሆነ ግን ለዚህ ከፍታ አስተካክለው፤ ካልሆነ ቤንዚን እየበዛበት ካንዴላውን ያጠቁረዋል።

ጥያቄ፦ አንድ ወጣት የድሮ ኮሮላ አለው፣ ሞተሩ 4ኬ ነው። ካንዴላና ገመድ በራሱ ቀየረ። አሁን ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ በካርቡሬተር በኩልም ይተኩሳል። አዲሶቹ ዕቃዎች ፎርጂድ ናቸው ወይ ይላል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዕቃውን ከመክሰስህ በፊት የገመዶቹን ቅደም ተከተል፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ እሳት የሚያገኙበትን ተራ፣ እይ። ብዙ ባለ አራት ሲሊንደር መኪና፣ ላዳን ጨምሮ፣ 1-3-4-2 ነው። የቶዮታ ኬ ሞተር ግን 1-2-4-3 ነው። በልማድ የገጠመ ሁሉ እዚህ ይሳሳታል። ለወደፊቱ አንዱን ነቅለህ አንዱን ተካ፤ አራቱንም በአንዴ አትንቀል።

ጥያቄ፦ ቮልሴ ሲሞቅ ቀጥ ይላል። ግማሽ ሰዓት ካረፈ ይነሳል።

መልስ፦ ሲሞቅ የሚከዳ ኮይል ወይም ኮንደንሰር እንዲህ ያደርጋል፤ ቱቦ ውስጥ የፈላ ቤንዚንም እንዲህ ያደርጋል። መለየት የሚቻለው በቆመበት ቅጽበት ብቻ ነው። ሳይቀዘቅዝ እሳት መኖሩን እይ። ከቀዘቀዘ በኋላ ጋራዥ ብትወስደው ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ነው የሚገኘው።

ጥያቄ፦ በማታ ኮፈን ከፍተው ሞተሩን ሲያዩት የካንዴላ ገመዶቹ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ሲሮጥ ያዩ እናት ናቸው። በተጨማሪ ከጥቂት ቀናት ወዲህ ቤንዚን ይሸታል። ለበዓል አገር ቤት ደርሰው ሲመለሱ ሊያሠሩት አስበዋል።

መልስ፦ እናቴ፣ ይህን መኪና አያስነሱት። ጋራዥ ድረስም ቢሆን አይንዱት። የሚፈስ ቤንዚንና ገመድ ላይ የሚሮጥ ብልጭታ አንድ ኮፈን ሥር ከተገናኙ መኪናው በእሳት ይያያዛል። የባትሪውን ገመድ የሚፈታልዎ ሰው ይፈልጉ፤ ሽታው እስኪጠፋ ኮፈኑ ክፍት ይሁን፤ አጠገቡ ሲጋራም ከሰልም አይኑር። ከዚያ ባለሙያ እቤት ይምጣ ወይም መኪናው ተጎትቶ ይሂድ። ለበዓሉ በአውቶቡስ ይሂዱ። ጎረቤትዎ «ገመዱን በቴፕ ልጠቅልልልዎ» ቢልዎም እሺ አይበሉ።

በዚህ አጋጣሚ፦ ለልቡ ፔስሜከር የተተከለለት ሰው ሞተር እየሠራ የካንዴላ ገመድና ኮይል አይንካ፣ አይጠጋም።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነኝ። የ1997 ኮሮላዬ ይንቀጠቀጣል፣ የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። የመኪናው ኮምፒውተር የሚሰጠው የብልሽት ኮድ ፒ0303 ነው።

መልስ፦ ሦስተኛው ሲሊንደር ማቀጣጠል እየሳተ ነው። የሦስተኛውን ካንዴላ ከአንደኛው ጋር አለዋውጥና ኮዱ ፒ0301 ከሆነ ጥፋቱ ካንዴላው ነው። ካልተለወጠ ገመዱን እንዲሁ ሞክር። ቀጥሎ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን እይ። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ አትንዳ፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭሱን የሚያጠራው የጭስ ማውጫው ካታሊስት ላይ ደርሶ ያቃጥለዋል፣ እሱ ደግሞ ከካንዴላ እጅግ ይወደዳል።

ጥያቄ፦ ካንዴላ በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየራል?

መልስ፦ በፑንቲና የሚሠራ አሮጌ መኪና ላይ ተራውን ካንዴላ በየ10,000 ፈትተህ እየው፣ ከ15,000 እስከ 20,000 ባለው ቀይረው።