ጥያቄና መልስ፦ ስልኩ ሥዕሉን አልለይ ሲል

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ልጄ ኦቲዝም አለበት። ጥርሱን መቦረሽ ይጀምርና መሃል ላይ ያቆማል፤ አጠገቡ ቆሜ «ቀጥል» ካላልኩት ዝም ብሎ ይቆማል። ስልክ ወደ ሥዕል ሲያዞሩት ቪዲዮ የሚያሳይ ኦግመንትድ ሪያሊቲ ሞከርኩ። ብዙ ጊዜ ሥዕሉን አይለየውም። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መጀመሪያ ሥዕሉን ይጠርጥሩ። ነጭ ወረቀት ላይ የተሣለ አንድ ብሩሽ ለካሜራው ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ብዙ ጠርዝና የቀለም ልዩነት ይፈልጋል። የሚደጋገም ጥለትም ያሳስተዋል። ብሩሹን፣ የጥርስ ሳሙናውንና ኩባያውን ደርድረው ያነሱት ፎቶ ይሻላል። ላሚኔት ካስደረጉት አምፖሉ ያንጸባርቅበታል፤ በማያብረቀርቅ ወረቀት ያሳትሙት። የጉግል የኦግመንትድ ሪያሊቲ ፕሮግራም የሆነው ኤአርኮር መጀመሪያ እንዲለየው፣ ሥዕሉ ከካሜራው እይታ ቢያንስ 25 በመቶውን መሸፈን አለበት፤ ስለዚህ ስልኩን ያስጠጉት። ስልኩን ልጁ አይያዘው፣ እጁ ለብሩሹ ያስፈልጋል፤ ውሃ የማይረጭበት ቦታ ማቆሚያ ላይ ያድርጉት።

ቪዲዮውን እዚያው መታጠቢያ ቤት፣ በራሱ ብሩሽ ይቅረጹ። ካሜራው ከቦራሹ ትከሻ በላይ ይሁን፤ ከፊት ለፊት ከተቀረጸ ግራና ቀኙ ይምታታበታል። ለአንድ እርምጃ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይበቃል። ድምፅ የሚረብሸው ከሆነ ያጥፉት።

ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የት ላይ እንደሚያቆም 3 ቀን ይመዝግቡ። ከታችኛው ወደ ላይኛው ጥርስ ሲሸጋገር ከሆነ ቪዲዮው የሚያስፈልገው ለዚያች እርምጃ ብቻ ነው። አረፋው አፉን ሲሞላው ከሆነ ግን የጥርስ ሳሙናው ሚንት ያቃጥለው ይሆናል፤ ያኔ የሚቀየረው ሳሙናው ነው። ለማንኛውም የአተር ፍሬ ከምታህል በላይ አይጨምሩ።

«ቀጥል» ማለቱን ይተዉት፤ አለዚያ ቪዲዮውንም እርስዎንም መጠበቅ ይለምዳል። ሲያቆም 5 ሰከንድ ይታገሱ፣ ከዚያ በጣትዎ ወደ ስልኩ ያመልክቱ። 3 ቀን በተከታታይ ያለ እርዳታ ከጨረሰ ቪዲዮውን አንስተው ፎቶውን ብቻ ይተዉለት፤ ቀጥሎ እሱንም ያንሱት።

ጥያቄ፦ የሰው ስሜት የሚያነብ መነጽር አለ ይባላል። ከውጭ ላስመጣ? (አባት)

መልስ፦ አሁን አንመክርም። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጉግል ግላስ በተባለው መነጽር የሠራው ጥናት በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት የሆኑ 71 ልጆች የተሳተፉበት ሲሆን፣ መነጽር የደረሳቸው ከተለመደው ሕክምናቸው ጎን በሳምንት 4 ጊዜ፣ 20 ደቂቃ፣ ለ6 ሳምንት ቤታቸው ተጠቀሙበት። በማኅበራዊ ክህሎት መሻሻል ታይቷል። ይሁንና ጉግል መነጽሩን መሸጥ በ2023 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ያገለገለ ቢገኝ እንኳ ዕቃው ብቻውን ያንን ሥራ አይሠራም፤ የፊት ገጽታን የሚለየው ፕሮግራም ሌላ ነው።