ትኩስ ኬሞና የሚረጭ ኬሞ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

የካንሰር ቀዶ ሐኪም ነኝ። የሆድ ዕቃን በሚሸፍነው ስስ ገበር (ፔሪቶኒየም) ላይ ለተሠራጨ ካንሰር ስለሚሰጡት አዳዲስ ሕክምናዎች፣ ማለትም ስለ ሃይፔክ (በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሆድ ውስጥ የሚፈስ ትኩስ ኬሞ) እና ስለ ፓይፓክ (ሆድ ውስጥ የሚረጭ ኬሞ)፣ ለጠየቃችሁኝ ይኸው።

ጥ፦ በደም ሥር የሚሰጥ ኬሞ እያለ ሆድ ውስጥ መጨመር ለምን?

መ፦ በደም በኩል ገበሩ ጋ የሚደርሰው መድኃኒት ትንሽ ነው። በቀጥታ ሲገባ ግን እዚያው በብዛት ይቆያል፤ ወደ ደም የሚያልፈው ቀስ እያለ ነው።

ጥ፦ ዶክተር፣ ሃይፔክ ካንሰሩን ቀቅሎ ያጠፋል ይላሉ። እውነት ነው?

መ፦ ኧረ መቀቀል የለም! ሙቀቱ ከ40 እስከ 43 ዲግሪ ነው፤ ከኃይለኛ ትኩሳት ብዙም አይርቅም። የመድኃኒቱን ጉልበት ያግዛል እንጂ ዋናው ሥራ ከዚያ በፊት ያለው ነው፦ በዓይን የሚታየውን ዕጢ ሁሉ ቆርጦ ማውጣት። ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ አንዳንዴ ከአንጀትም ይቆረጣል፣ ጣፊያም ይወጣል። መድኃኒቱ ዕጢ ውስጥ የሚሰርገው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ትልልቁን ትቶ ትኩስ ኬሞ ማፍሰስ ትርፉ ድካም ነው።

ጥ፦ ማስረጃስ አለው?

መ፦ እንደ ካንሰሩ ዓይነት ይለያያል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት ሦስተኛ ደረጃ የኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማፍሪያ) ካንሰር ያለባቸውን 245 ሴቶች ተከታተለ። ሃይፔክ ከተጨመረላቸው ግማሾቹ ከ45.7 ወር በላይ ኖሩ፤ ያለ ሃይፔክ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ቁጥሩ 33.9 ነው። ከትልቁ አንጀት ለተሠራጨ ካንሰር ፈረንሳይ ያካሄደችው ፕሮዲጅ 7 የተባለ ጥናት (2021 እ.ኤ.አ.) ግን ሃይፔክ በተጨመረላቸው 41.7፣ ባልተጨመረላቸው 41.2 ወር አገኘ፤ ያው ማለት ነው። መድኃኒቱ ኦክሳሊፕላቲን፣ ጊዜውም 30 ደቂቃ ብቻ ስለነበር ክርክሩ አልበረደም። እኔን የሚደንቀኝ ቀዶ ሕክምናው ያለ ሃይፔክም ይህን ያህል ማስኖሩ ነው።

ጥ፦ እናቴ የጨጓራ ካንሰሯ ተሠራጭቶ ሆዷ ውሃ ይቋጥራል። ቀዶ ሕክምና አይቻልም ተባልን። ፓይፓክ ይሆናት ይሆን?

መ፦ እግዚአብሔር ይማርልሽ፣ እህቴ። ፓይፓክ በ2011 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የተጀመረ ነው። በትንንሽ ቀዳዳዎች ሆድ በጋዝ ይነፋና መድኃኒቱ እንደ ጉም ተረጭቶ 30 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ አብዛኛውን ጊዜ በየ6 ሳምንቱ ይደገማል። ውሃው የቀነሰላቸው፣ ዕጢው ያነሰላቸው አሉ፤ ዕድሜ ያራዝማል ለማለት ግን ገና ነው። አንጀቷ ተዘግቶ የሚያስመልሳት ከሆነ አይሠራላትም።

ጥ፦ ፀጉር ያረግፋል?

መ፦ ሆድ ውስጥ ብቻ ከተሰጠ ብዙ ጊዜ አያረግፍም።

ጥ፦ ቤት ሸጠን ውጭ አገር ሃይፔክ እናሠራ?

መ፦ ከመሸጣችሁ በፊት ሲቲ ስካኑንና የፓቶሎጂ (የዕጢው ናሙና ምርመራ) ውጤቱን ልካችሁ ቀዶ ሐኪሙን "ዕጢውን በሙሉ ማውጣት ይችላሉ?" በሉት። አልችልም ካለ ለሃይፔክ ብላችሁ አትሂዱ።